ከጣሪያው ጀምሩ፦ የኮትስዎልድ መንደሮች የድንጋይ ቤቶች እንዴት ተሠሩ?

የክዳን ወዳጅ (የውይይት ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከባዝ ከተማ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚዘረጋውን የእንግሊዝ ኮረብታማ አገር፣ ኮትስዎልድን፣ ብዙዎቻችሁ በፎቶግራፍ ታውቁታላችሁ። ከፎቶግራፎቹ ሥር የሚጻፈው አስተያየት ሁልጊዜ ስለ ድንጋዩ ወርቃማ ቀለም ነው። ቀለሙ ማማሩን አልክድም። ነገር ግን የእነዚህ ቤቶች ቅርጽ የመነጨው ከጣሪያቸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ የቤቱ ወርድ እንኳ ለጣሪያው የታዘዙ ናቸው። ሐሳቤን ላስረዳ፤ የማይስማማ ካለ በደስታ እከራከራለሁ።

ምሳሌዬ በግሎስተርሻየር፣ በኮልን ወንዝ ዳር ያለችው የቢበሪ መንደር ናት። እዚያ አርሊንግተን ሮው የሚባሉ ተያያዥ ትንንሽ ቤቶች አሉ። በ1380 ገደማ የገዳም ሱፍ ማከማቻ ሆኖ የተሠራ አንድ ረጅም ሕንፃ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተከፋፍሎ የሸማኔዎች መኖሪያ ሆነ። ሸማኔዎቹ የሠሩት ጨርቅ በአቅራቢያው ባለው ወፍጮ ከታጠበና ከተደቃ በኋላ፣ ከቤቶቹ ፊት ለፊት ባለው ረግረጋማ መስክ ላይ በእንጨት ተወጥሮ ይደርቅ ነበር። ዛሬ ቤቶቹ በብሔራዊው የቅርስ ባላደራ ማኅበር፣ በናሽናል ትረስት፣ እጅ ናቸው።

አሁን ወደ ጣሪያው። ክዳኑ ሸክላም ሣርም አይደለም፤ ስስ ሆኖ የተሰነጠቀ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ውኃ ይመጥጣል። ዝናቡ ቶሎ ካልወረደለት ይጠጣዋል፤ ክረምት ሲገባ የጠጣው ውኃ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጣሪያው በጣም ቁልቁል መሆን አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከ50 ዲግሪ በላይ ነው። ጣሪያው ይህን ያህል ቁልቁል ከሆነ ደግሞ ቤቱ ሰፊ ሊሆን አይችልም፤ ወርዱ በጨመረ ቁጥር ጣሪያው ወደ ሰማይ ይወጣል። ስለዚህ ቤቶቹ የአንድ ክፍል ወርድ ያላቸው ጠባብና ረጃጅም ናቸው። ከቁልቁሉ ጣሪያ ሥር ግን ብዙ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ባለቤቱ ያንን ቦታ ሳይጠቀምበት አይተወውም፤ መኝታ ያደርገዋል። መኝታ ከሆነ ብርሃን ያስፈልገዋል። ለብርሃኑ ሲባል የፊት ግድግዳው ከክፈፉ በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣና በሦስት ማዕዘን ያልቃል፤ በመካከሉ መስኮት ይከፈትለታል። በፎቶግራፍ የምናደንቀው ያ ሹል ግንባር የተወለደው ከዚህ ነው።

---

ጠራቢው

የክዳን ወዳጅ፣ ጥሩ አድርገህ ጀምረሃል። በድንጋይ ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ስለቆየሁ ከካባው፣ ድንጋዩ ከሚወጣበት ጉድጓድ፣ ጫፍ ልጨምርልህ።

ድንጋዩ ከ165 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አገሩ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር በነበረበት ዘመን፣ ጥቃቅን ክብ የኖራ ቅንጣቶች በባሕሩ ወለል ላይ ተከማችተው የተጋገሩበት ነው። በእጅህ አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት ብታየው ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ ትለያቸዋለህ። ቢጫነቱ የሚመጣው ከብረት ነው፤ በሰሜን በቺፒንግ ካምደንና በብሮድዌይ በኩል ብረቱ ስለሚበዛ ወርቃማ ይሆናል፤ ወደ ደቡብ ስትወርድ እየነጣ ይሄዳል፤ ባዝ ስትደርስ የቅቤ ቀለም ይይዛል። ዓይኑን ያሠለጠነ ግንበኛ ቤቱን አይቶ ድንጋዩ ከየትኛው ሸለቆ እንደወጣ ይነግርሃል። ድሮ ድንጋይ በበሬ ጋሪ ሩቅ መውሰድ ከድንጋዩ ዋጋ ይበልጥ ስለነበር፣ እያንዳንዱ መንደር የሚሠራው ከጓሮው በሚወጣው ነበር።

ሁሉም ድንጋይ ግን ክዳን አይሆንም። ለክዳን የሚሆነው በስስ ንብርብር የተኛው ነው። ከሁሉ የታወቀው በኦክስፎርድሻየር ያለው የስቶንስፊልድ መንደር ድንጋይ ነው። እዚያ ሰዎች የሚሰነጥቁት በመዶሻ አልነበረም። በመኸር ወራት ከጉድጓድ ያወጡታል፤ እርጥበቱ እንዳይጠፋ በአፈር ይሸፍኑታል፤ ከዚያ ብርቱ ውርጭ ይጠብቃሉ። ውርጩ የመጣ ሌሊት የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወልና መንደርተኛው ከአልጋው ተነሥቶ ድንጋዩን ለመግለጥ ይሮጣል። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ውኃ ሲረጋ ንብርብሮቹን ይገፋቸዋል፤ ጠራቢው ጠዋት መታ መታ ሲያደርገው ገጽ ገጽ እየሆነ ይለያያል። ድንጋዩ አንድ ጊዜ ከደረቀ ግን ሥራው አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ውርጭ አይሰነጥቀውም። ክረምቱ ለስላሳ ከሆነ የዓመት ገቢ ይቀራል ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፣ ከእነዚሁ የስቶንስፊልድ ጉድጓዶች የወጡ ግዙፍ አጥንቶች ናቸው በ1824 በዊሊያም ባክላንድ ሜጋሎሳውረስ ተብለው የተሰየሙት። በሳይንሳዊ ስም የተጠራ የመጀመሪያው ዳይኖሰር እርሱ ነው። የጣሪያ ክዳን ሲፈልጉ የነበሩ ድሆች ናቸው ያወጡት፤ ስማቸውን ማንም አልመዘገበም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

---

ምንጩን እንይ

ሁለታችሁንም በጥሞና አነበብኩ። ነገር ግን ጣሪያውም ድንጋዩም ገንዘብ ሳይኖር ቤት አይሆኑም። በዚያ አገር ገንዘቡ በግ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የኮትስዎልድ ሱፍ እስከ ፍላንደርስና እስከ ጣልያን ይሸጥ ነበር። በቺፒንግ ካምደን ዊሊያም ግሬቨል የሚባል የሱፍ ነጋዴ ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ሰውየው በ1401 ሲሞት በመቃብሩ ናስ ላይ የእንግሊዝ ሁሉ የሱፍ ነጋዴዎች አበባ ተብሎ ተጽፎለታል። የቺፒንግ ካምደንና የኖርዝሊች ግዙፍ አብያተ ክርስቲያናትም በሱፍ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ግንበኞቹ ጥበቡን የተማሩት በቤተ ክርስቲያን ሥራ ላይ ነው፤ ከዚያ ያንኑ የመስኮት አቆራረጥ ወደ ገበሬው ቤት ይዘው ወረዱ። እኔ ክሩን የምጀምረው ከበጉ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የጨርቅ ሥራው በእንፋሎትና በድንጋይ ከሰል ወደሚሠሩት የዮርክሻየር ፋብሪካዎች ሲሸሽ ብዙዎቹ መንደሮች ደኸዩ። የደኸየ ሰው ቤቱን አፍርሶ በዘመኑ ፋሽን አይሠራም። ዛሬ የምናደንቃቸው ቤቶች የተረፉት ሰዎቹ ለማፍረስ አቅም ስላጡ ነው። በውስጣቸው ሲኖሩ የነበሩት ሰዎች እርጥበቱንና ጭሱን እንጂ ውበቱን አላዩም ይሆናል። ስለ ጣሪያ ቅርጽ ስናወራ ይህን መርሳት ነውር ነው።

---

የክዳን ወዳጅ

ምንጩን እንይ፣ ያልከው ስለ ድህነቱ እውነት ነው፤ አልከራከርህም። ስለ በጉ ግን አንድ ነገር ልበል። ሱፍ በምሥራቅ እንግሊዝ በሰፎክም ነበር፤ በዚያም ነጋዴዎች በልጽገዋል፤ ላቭነምን ተመልከት። ነገር ግን የላቭነም ቤቶች የእንጨት ማዕቀፍ ያላቸው፣ በመካከሉ ጭቃና ኖራ የተሞላባቸው ናቸው፤ ምክንያቱም ከእግራቸው ሥር ጥሩ ድንጋይ አልነበረም። ገንዘቡ አንድ ዓይነት፣ ቤቱ ሌላ። ቅርጹን የወሰነው መሬቱ ነው።

ገንዘቡ የወሰነው መቼ እንደሚሠራ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ17ኛው መጀመሪያ፣ የታሪክ ሰዎች ታላቁ ዳግም ግንባታ በሚሉት ዘመን፣ መካከለኛ ገበሬዎች ጭምር ቤታቸውን በድንጋይ አደሱ። ከዚያ በፊት ምድጃው በቤቱ መካከል ነበር፤ ጭሱ በጣሪያው ሾልኮ ይወጣ ነበር። የድንጋይ ጭስ ማውጫ ሲገባ ጭሱ ታሰረ፤ ጭሱ ሲታሰር በላይ ሌላ ወለል መጣል ተቻለ። ከላይ የተናገርኩት የጣሪያ ሥር መኝታ ሊኖር የቻለው በዚህ ነው።

ስለ መስኮቱም ልጨምር። የኖራ ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲያጎብጡት ግን ይሰበራል። ስለዚህ ረጅም የድንጋይ ጉበን በሰፊ ክፍተት ላይ መጣል አይቻልም። መፍትሔው ክፍተቱን በቀጫጭን የድንጋይ ቋሚዎች መከፋፈል ነው፤ እያንዳንዱ ቋሚ ጉበኑን ይደግፋል፤ በየመካከሉ ትንንሽ መስታወቶች በእርሳስ ተያይዘው ይገባሉ። ልብ ብላችሁ ካያችሁ በደንበኛው ቤት ምድር ቤቱ አራት ክፍል ያለው መስኮት ካለው፣ ከላዩ ሦስት፣ በሹሉ ግንባር ደግሞ ሁለት ይሆናል። ግድግዳው ወደ ላይ ሲጠብ መስኮቱም አብሮ ይጠባል። ከመስኮቱ በላይ ጎልቶ የወጣው የድንጋይ ጠርዝም ለጌጥ አይደለም፤ በግድግዳው የሚወርደውን ዝናብ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይከፍለዋል። አሸንዳ ባልነበረበት ዘመን ያለ እርሱ መስኮቱ ይበሰብስ ነበር።

በአንዳንድ ቤት የተደፈነ መስኮት ብታዩ፣ አንዳንዴ ምክንያቱ ግብር ነው። ከ1696 እስከ 1851 በመስኮት ቁጥር ግብር ይከፈል ነበር።

---

ወለተ ባዝ

እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ። እኔ የምኖረው ባዝ ነው፤ ስለዚህ የዚያው ድንጋይ የከተማ ልጅ ስለሆኑት ቤቶች ትንሽ ልናገር፤ ንጽጽሩ ስለ መንደሩ ያስረዳል።

ባዝ ውስጥ ከ1767 እስከ 1774 የተሠራው ሮያል ክሬሰንት ከፊት ሲታይ እንከን የለውም፤ ሁሉም ድንጋይ ተጠርቦ መጋጠሚያው እስከማይታይ ድረስ ተስተካክሏል። አሠራሩ ግን እንዲህ ነበር፤ አርክቴክቱ ትንሹ ጆን ዉድ የፊቱን ገጽ ነደፈ፤ ገዢዎቹ የገጹን ቁራጭ ገዝተው ከኋላው እንደየፍላጎታቸው ቤት ሠሩ። ስለዚህ ጀርባው ወጣ ገባ ነው፤ የጣሪያው ቁመት እንኳ አይገጥምም። ጣሪያው ከፊት እንዳይታይ በድንጋይ መከለያ ተሸፍኗል። የመንደሩ ቤት ግን ጣሪያውን አይደብቅም፤ ከፊትም ከኋላም አንድ ነው። የክዳን ወዳጅ ሐሳብ የገባኝ ይህን ሳስብ ነው።

ለእኛ ደግሞ የቀረበ ነገር አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሐውስ የተሠራው ከዚሁ የኖራ ድንጋይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የባለጸጋ ቤት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ለባዝ ከተማ አረጋውያን እንዲያገለግል ሰጥተውታል። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ግድግዳውን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ ጋሼ ጠራቢው የነገሩን ጥቃቅን ክብ ቅንጣቶች በግልጽ ይታያሉ። በዚያ መራራ ዘመን የተጠለሉበት ግድግዳ ይህ ነበር ብሎ ማሰብ ልብ ይነካል።

---

የስትራውድ ተከራይ

ሰላም። እናንተ ስለ ውበት ስታወሩ እኔ ስለ እርጥበት ልጠይቅ። ከስትራውድ ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ ከቤተሰቤ ጋር እኖራለሁ። ግድግዳው ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት አለው፤ ሆኖም ከውስጥ በኩል ከወለሉ ከፍ ብሎ ሁልጊዜ ይረጥባል፤ የልጆቹ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሻግታል። ከውጭ ደግሞ ድንጋዮቹ ፊታቸው እየተላጠ ይረግፋል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ግራጫ ሲሚንቶ ግን እንዳለ ጎልቶ ቀርቷል። ባለቤቱ ከዓመታት በፊት አንድ ተቋራጭ አምጥቶ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ እንዳስጠገነው ይናገራል። ለምን ከጥገናው በኋላ ባሰበት? የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

---

ጠራቢው

የስትራውድ ተከራይ፣ ቤታችሁን ያሳመመው ያ ግራጫ ሲሚንቶ ነው። በትዕግሥት አንብበኝ፤ ይህ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ነው።

የድሮ ግድግዳ አንድ ወጥ አይደለም። በውጭና በውስጥ ሁለት ገጽ አለው፤ በመካከላቸው ፍርስራሽ ድንጋይና አፈር ተሞልቷል፤ ሁለቱን ገጾች የሚያያይዙ ረጃጅም ድንጋዮች በየመካከሉ ተጋድመዋል። ድንጋዮቹ የተያያዙት በኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል፤ በውኃ ይበርዳል፤ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፤ በግድግዳው ውስጥ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ነገር ግን ከድንጋዩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ቀዳዳውም ክፍት ነው። ዝናብ ግድግዳውን ሲያረጥበው ውኃው በኖራው መጋጠሚያ በኩል ተመልሶ ይተናል። ጨውና ውርጭ የሚበሉትም ኖራውን ነው። ኖራው በየዘመኑ ተፍቆ ይተካል፤ ድንጋዩ ይተርፋል። የግድግዳው ዕድሜ የተመሠረተው በዚህ ነው።

ሲሚንቶ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ሲሚንቶው ከድንጋዩ የጠነከረና የተዘጋ ነው። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ ፊት በኩል ለመውጣት ይታገላል። ጨው ከድንጋዩ ገጽ በስተጀርባ ይከማቻል፤ ክረምት ሲመጣ ውርጩ ይጨምርበታል፤ ገጹ ተላጦ ይወድቃል። የቀረው ውኃ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ የልጆችህ ልብስ የሚሻግተው በእርሱ ነው።

መድኃኒቱ አለ፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ሲሚንቶው በእጅ መሮና በትንሽ መዶሻ ይነቀል፤ በኤሌክትሪክ መቁረጫ የነካው ሰው የድንጋዩን ጠርዝ ይበላዋል። ግድግዳው እንዲደርቅ በቂ ጊዜ ይሰጠው። ከዚያ በኖራ ይሞላ፤ ያውም ውርጭ በሌለበት ወራት፤ እርጥብ ጨርቅ እየተሸፈነ ቀስ ብሎ እንዲጠነክር። ከውስጥም የፕላስቲክ ቀለም ካለ ተፍቆ የኖራ ቀለም ይቀባ። ከሁሉ በፊት ግን ቀላሉን እዩ፤ አሸንዳው ይፈሳል ወይ? ከውጭ ያለው አፈር ከውስጡ ወለል በላይ ከፍ ብሏል ወይ? ብዙ ቤት በአካፋ ብቻ ሲድን አይቻለሁ። ለባለቤቱም ንገረው፤ ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

---

የጎንደሩ

ጋሼ ጠራቢው የተናገሩት እኛም አገር የደረሰ ነው። በፋሲል ግቢ በጣልያን ወረራ ዘመን በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ገብቶ ነበር፤ በኋላ በተደረገው እድሳት ያ ሲሚንቶ እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። ኖራ የሚያቦካ እጅ እንዳይጠፋ መጠበቅ የሁለቱም አገር ጉዳይ ነው።

---

ምንጩን እንይ

ጠራቢው ምዝገባውን ካነሡ አይቀር እኔም ጥያቄ አለኝ። በእንግሊዝ በ1947 ከወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ወዲህ ታሪካዊ ቤቶች በሦስት ደረጃ ይመዘገባሉ፤ አርሊንግተን ሮው በአንደኛው ደረጃ ነው፤ እዚያ የሚገቡት ከመቶ 2.5 ያህሉ ብቻ ናቸው። በተመዘገበ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ ባሕርዩን የሚለውጥ ሥራ መሥራት ወንጀል ነው፤ የቤቱ ውስጥም ይካተታል። ጥሩ። ነገር ግን በእነዚህ መንደሮች ተወልደው ያደጉ ወጣቶች ቤት መግዛት አልቻሉም፤ ብዙ ቤት ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚከፈት ሆኗል፤ ቢበሪም በበጋ በአውቶቡስ ተጨናንቃ ነዋሪው ከበሩ መውጣት ይቸገራል። ድንጋዩን አድነን መንደሩን ካጣን ምን አተረፍን?

---

የክዳን ወዳጅ

ጥያቄህ ከባድ ነው፤ ሕግ ብቻውን አይመልሰውም። ነገር ግን ጥፋቱን በምዝገባው ላይ አላደርግም። የቤት ዋጋን ያናረው የሰው ፍላጎት ከቤቱ ቁጥር መብለጡ ነው፤ መፍትሔውም ነዋሪው የሚችለው አዲስ ቤት በመንደሩ ውስጥ መሥራት ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ አዲሶቹ የሚሠሩበት መንገድ ነው። ከሲሚንቶ ብሎኬት ሠርተው በላዩ ስስ የድንጋይ ገጽ ይለጥፉበታል፤ ቀለሙ ከጎረቤቱ ጋር እንዲገጥም ይጨነቃሉ፤ ከዚያ ሰፊ ቤት ላይ ለጥ ያለ ጣሪያ አድርገው የኮንክሪት ክዳን ይጭኑበታል። ቀለሙ አንድ ነው፤ ዓይን ግን አይቀበለውም። ሰው ምን እንደጎደለው መናገር አቅቶት ያልፋል። የጎደለው ቁልቁለቱና ጠባብ ወርዱ ነው። ወርዱን ጠብቆ፣ ጣሪያውን ቁልቁል አድርጎ፣ በተራ ልስን የተለሰነ ግድግዳ ያለው ቤት በዚያ መንደር ውስጥ ከእርሱ ይልቅ ይስማማል።

---

ወለተ ባዝ

ስለ መሬቱና ስለ ቤቱ ስታወሩ የሄንሪ ፎርድ ነገር ትዝ አለኝ። የመኪናው ባለጸጋ በ1929 ከቼድዎርዝ መንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ አንድ ቤት ገዛ። ድንጋዩን አስፈርሶ፣ በባቡርና በመርከብ አስጭኖ፣ ሚሺጋን ዲርቦርን ውስጥ ባቋቋመው ግሪንፊልድ ቪሌጅ እንደገና አስተከለው። እስከ ዛሬ እዚያ ቆሟል። ግድግዳውም ጣሪያውም የራሱ ነው። እናንተ ብትሆኑ ይህን የኮትስዎልድ ቤት ትሉታላችሁ?

---

ጠራቢው

እህቴ፣ እኔ እለዋለሁ፤ ከፈረሰ የተሻለ ነውና። ቸግሮኝ የማየው ግን ጥገናውን ነው። ቼድዎርዝ ውስጥ አንድ የክዳን ድንጋይ ቢሰበር ጎረቤት ካባ አለ፤ ወይም ከፈረሰ ጎተራ ይገኛል። ሚሺጋን ውስጥ ግን ተመሳሳዩ በባሕር ተሻግሮ መምጣት አለበት። ቤቱ በአገሩ ሲሆን ከሥሩ ያለው መሬት መለዋወጫ ዕቃው ነው።

ይህን ካልኩ ዘንድ፣ በአገሩም ቢሆን ዛሬ ክዳን ማግኘት ተቸግረናል። የስቶንስፊልድ ጉድጓዶች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሥራ አቁመዋል። ለብዙ ዘመን ሰዎች የአንዱን ጎተራ ጣሪያ አራቁተው የሌላውን ቤት ሲያለብሱ ኖሩ፤ ጎተራውም ክዳኑን ካጣ በኋላ ይፈርሳል። ለአንድ ቤት ጥገና አንድ ቤት ይሞታል። ስለዚህ ለክዳን ድንጋይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ ካባዎች ፈቃድ ሲጠይቁ መቃወም አይገባም እላለሁ። መልክዓ ምድሩን የሚወዱ ሰዎች ካባ ሲባል ይደነግጣሉ፤ ያ መልክዓ ምድር ግን የተሠራው በትንንሽ ካባዎች ነው።

---

ተማሪው ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ፤ ክሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ለትምህርቴ የአንድ ኮትስዎልድ ቤት ጣሪያ ቁርጥ ሥዕል እየሣልኩ ነው። ጋሼ ጠራቢው፣ ክዳኑ በምን ተይዞ ነው የማይንሸራተተው? ክብደቱንስ ወራጁ እንዴት ይችለዋል?

---

ጠራቢው

ልጄ፣ በርታ። ክብደቱን በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 100 ኪሎ ግራም ብለህ አስብ። ቁልቁለቱ እዚህም ላይ ይረዳል፤ ጣሪያው ቁልቁል በሆነ መጠን ክብደቱ ወራጁን ወደ ጎን ከመግፋት ይልቅ ቀጥታ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። ወራጁ የኦክ እንጨት ነው፤ ብዙ ጊዜ በጠማማነቱ እንዳለ ይገባል፤ ለዚህ ነው የድሮ ጣሪያ ለስላሳ ማዕበል ያለው። በወራጁ ላይ ማገር ይመታል። እያንዳንዱ ክዳን ከአናቱ አንድ ቀዳዳ ይበሳለታል፤ በቀዳዳው የኦክ ችካል ይገባና ክዳኑ በማገሩ ላይ ይንጠለጠላል። ከሥር በኩል ነፋስና በረዶ እንዳይገባ ፀጉር የተቀላቀለበት ኖራ ይለሰናል።

የማገሮቹን ርቀት እኩል አድርገህ እንዳትሥል። ትልልቆቹ ክዳኖች ከታች በክፈፉ ናቸው፤ ወደ አናቱ ስትወጣ እያነሱ ይሄዳሉ፤ ማገሩም አብሮ ይቀራረባል። ከካባው የወጣው ትልቁም ትንሹም ጥቅም ላይ እንዲውል ነው፤ ከባዱም ጠንካራው ግድግዳ አጠገብ እንዲያርፍ። ክዳን ሠሪዎቹ ለእያንዳንዱ ርዝመት የየራሱ ስም ነበራቸው፤ የሚለኩትም ጥርስ በተቆረጠበት ዱላ ነበር። ሁለት ጣሪያዎች በሚገናኙበት ሸለቆም የእርሳስ ቆርቆሮ አታስገባ፤ ክዳኖቹ እየጠበቡ በቅስት ይዞራሉ፤ የባለሙያው እጅ የሚለየው እዚያ ነው።

እያንዳንዱ ረድፍ ከእርሱ ሥር ያለውን ብቻ ሳይሆን የሦስተኛውንም አናት መሸፈን አለበት። ከክፈፉ ላይ የመጀመሪያውን ረድፍ ደግሞ ድርብ አድርግ፤ ከሥር አጭር ክዳን ይተኛል፤ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ውኃውን ወደ ውጭ ይጥላል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት እርሱን ስለሆነ በሥዕልህ ላይ በግልጽ አሳየው። ስትጨርስ እዚህ ለጥፈው፤ አይተን እንነግርሃለን።